ሻምበል ኮሶ የጠጣ ሰሞን

ይድረስ ለእህቴ ለጉዲቱ ጉተማ፣ ዱባይ።

ይህን ወረቀት ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ካለ ተቀመጪ፣ ከሌለ ዛሬ ብቻ በእኔ ኃላፊነት ማዳምሽ ሶፋ ላይ ተቀመጪ። ነጠላ ካለሽ አዘቅዝቀሽ ልበሺ። ቤታችን ከባድ ሐዘን ገብቷል። ከነሐሴ ጀምሮ የሞቱብን ብዙ ናቸው፤ ሲዘሉ ሲቦርቁ የነበሩ፣ ገና ያልጠገቡ። አንዳንዶቹ እማዬ ጥፍር ላይ፣ አንዳንዶቹ ፈላ ውሃ ውስጥ አልቀዋል። በየስማቸው ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ሁሉም ቁንጫ ነው የሚባሉት። እግዜር ያጽናሽ።

በይ አሁን እንባሽን ጥረጊና ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ከረምሽ ጉዲዬ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? ማዳምሽስ ያው ናት? ከእኛ ሁላችን የተሻለ አልጋ ያለው ውሻዋስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን ይህች ቃል ቤታችን ውስጥ እንዴት እንደምትሠራ ሰሞኑን ስላየሁ ትንሽ ቆየት ብዬ ልጻፋት።

ወረቀቱን የምትሰጥሽ አልፊያ ናት፣ የንግድ ዕቃ ልትገዛ ወደዚያ ስትመጣ። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከልክላኝ ነው። የሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፣ ብቻዋን ናት፣ ማን ያባብላታል ብላ በስልክ ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገብታኛለች። ወረቀት ስለሚባል ነገር ግን አላነሳችም፣ እኔም አላስታወስኳትም።

ነገሩ የሻምበል ነው። አዎ፣ ያንቺው ውሻ። ቦሌ ልንሸኝሽ የሄድን ቀን እኔን በአንድ እጅሽ አቅፈሽ ስመሽ፣ «ሻምበልን አደራ» ስትይ ግን ድምፅሽ ተሰበረ። አልረሳሁትም። ቂም ይዤበታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ ንቀን ተውነው፤ ሥራ ያገኘ ውሻ ነው አልኩ። ከዚያ ቁንጫው ከእሱ ወርዶ ምንጣፉ ውስጥ ገባ፣ ከምንጣፉ ወደ ትንሿ እህታችን ናዝራዊት ፍራሽ፣ ከፍራሹ ደግሞ ወደ አባዬ ሱሪ ዘለቀ። አባዬ በዚያው ሱሪ እሁድ ቸርች ሄደ። ጸሎት ላይ አንዷ ከጉልበቱ በላይ ስትወጣበት ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይነሳል፣ ጥርሱን ነክሶ ይቃትታል። ከኋላው የነበሩት እናቶች መንፈስ ነካው ብለው አብረውት አለቀሱ። ሲያልቅ ውጣና መስክር አሉት። አባዬ ደግሞ መዋሸት አይችልም። ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ «እዚህ ቤት ወይ እኔ ወይ ውሻው» አለ። እኔም «አባዬ፣ ቸኩለህ አታስመርጠን» አልኩት። አልሳቀም። ከመስቀል በኋላ አንዲት ቁንጫ ካየ ሻምበልን ለቡልቻ እንደሚሰጠው ተናገረ። ቡልቻን ታውቂዋለሽ፣ አስኮ የእንጨት መጋዘን የሚጠብቀው ዘመዳችን። እሱ ጋ የገባ ውሻ ከሰንሰለቱ የሚፈታው ሲሞት ነው።

ከዚያ ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። እትዬ ሰርኬ፣ ቅመማቸውን ገበያ ሸጠው ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ነጭ ጋዝ ቀባው ይሉኛል። እማዬ አመድ ነስንስበት ትላለች። እኔ ባኞ ውስጥ ነክሬ በኦሞ አጠብኩት፤ ቁንጫዎቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ። በኋላ የላክሽልን ፎቶ ትዝ አለኝ፣ የማዳምሽ ውሻ አንገቱ ላይ የቁንጫ መከላከያ የታሰረለት። የእኛ ከማን ያንሳል ብዬ የአባዬን አሮጌ ከረባት፣ ያንን ቀይ ባለ መስመሩን፣ ውስጡ የልብስ ናፍታሊን ጠቅልዬ ሻምበል አንገት ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። ናዝራዊት ሙሽራው ብላ ስም አወጣችለት። አንገቱ አካባቢ ያለው ቁንጫ እውነትም ሸሸ፤ እኔም ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ልክ በዚያ ሰሞን ያንቺ የድምፅ መልእክት መጣ። ማዳም ለውሻዋ በየወሩ ኪኒን እንደምትሰጥ፣ የወባ ትንኝ ዓይነት ነገር ነክሶት ልቡ ውስጥ ትል እንዳይፈላበት መሆኑን፣ ሻምበልንም እንድንጠነቀቅለት ተናገርሽ። ሁላችንም ስልኩን ከበን ሰማን። ጉዲዬ፣ ያንን መልእክት ባትልኪው ይሻል ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ገና ሰምተን ሳንጨርስ ሻምበል ከበር በኩል ሳል አሰማ። ደግሞ ሳለ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለካ ማሳል ከጀመረ ሰንብቷል፣ ልብ ያለው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ሐኪም ቤት እንውሰደው አልኩ። አባዬ «ለውሻ ሐኪም? እኔን ወገቤን ማን አየኝ?» አለ። እማዬ ደግሞ ትል ከሆነ መድኃኒቱ ይታወቃል አለች፤ አያት ቅድመ አያት የዳኑበት ኮሶ እያለ ምን ያስጨንቃል? እትዬ ሰርኬ ከዕቃቸው መርጠው አመጡ፣ ወቀጡ፣ በጠበጡ፣ አጠለሉ። ለሰው አንድ ኩባያ ነው፣ ለውሻ ግማሽ ይበቃዋል አሉ። ቀጥለው ግን ትሉ ልብ ድረስ የወጣ ከሆነ ግማሹ አይደርስበትም ብለው ኩባያውን ሞሉት። አባዬ እግሩን ያዘ፣ እኔ መንጋጋውን ያዝኩ፣ እማዬ አንቆረቆረችበት። ሻምበል አልነከሰኝም፤ ዓይን ዓይኔን ነው ያየኝ። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሶ የጠጣ ሰው ከሰው አይገናኝ፣ ፀሐይም አያየው የለ? እሱንም እንደ ወጉ ዕቃ ቤት አስገብተን በሩን ዘጋን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ጓደኛዬ ዮኤል መጥቶ ቢያፏጭለት እትዬ ሰርኬ «ዛሬ አይጠየቅም፣ ኮሶ ላይ ነው» ብለው መለሱት። እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። በዚያን ሰሞን የሳቅኩት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነበር።

በሩን ስንከፍት ሻምበል በጎኑ ተዘርግቷል። ያስመለሰው አንድ ጥግ፣ ሆዱ የፈታው ሌላ ጥግ፣ ደምም አለበት። ስጠራው አንድ ጆሮው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ውሃ አፉ ላይ ሳደርግለት በጎን ይፈሳል። ታውቂኝ የለም፣ እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ ቀልድ የማጣ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ። ቁጭ ብዬ ዝንብ እሽ አልኩለት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ አባዬን ሳላስፈቅድ በእማዬ ጋቢ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወጣሁ። ታክሲ ውሻ እንደማይጭን ስለማውቅ ፊቱን ሸፍኜ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች ማንም አልነቃብኝም። ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በያዝኩት ላይ ግን አንዲት እናት ልጁን ምን ነካው ብለው ጠየቁኝ። ሳል ነው አልኳቸው። «የኔ ጌታ፣ እግዜር ይማርልህ፣ እናቱስ?» አሉ። ዱባይ ናት አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከአፌ አመለጠ። እሳቸውም ከንፈራቸውን መጥጠው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ፊቱ አየር ያግኝ ብለው ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ጉዲዬ፣ አፍንጫው ወጣ። ረዳቱ «ወንድም፣ ልጅህ ጢም አወጣ እንዴ?» አለና ውረድ አለኝ። እኚያው እናት ናቸው ደንግጠው ሲያበቁ «ታሞ የለ እንዴ፣ አንተን ምን ጎዳህ? ዝጋው» ያሉልኝ። ረዳቱ እያጉረመረመ በሩን ዘጋው። እሳቸውም እስክወርድ ድረስ ሳይጸየፉ ጋቢውን ያዙልኝ።

ዓለም ባንክ ያሉት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሰብስቤ ይባላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስተኙት መጀመሪያ ያዩት ከረባቱን ነው። አሸተቱት፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። ናፍታሊን ለውሻ መርዝ ነው አሉኝ፣ የታሰረውም ጉሮሮው ላይ ነው። ሌላስ ምን ሰጣችሁት ሲሉኝ ኮሶ አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ለልብ ትሉ ነው አልኳቸው። የልብ ትል ሆድ ውስጥ እንደማይኖር ነገሩኝ፤ በትንኝ ንክሻ ደም ውስጥ ገብቶ ልብ አጠገብ ያድጋል፣ ኮሶ በዚያ መንገድ አያልፍም። ያ የወር ኪኒንም እንዳይያዝ ነው እንጂ ሳይመረመር ዝም ብሎ አይሰጥም። በእኛ ብርድ ብዙ እንደማይገጥማቸው፣ ግን ደሙን ሳያዩ የለበትም እንደማይሉ፣ መመርመሪያው ደግሞ ለጊዜው እጃቸው ላይ እንደሌለ ነገሩኝ። ደሙን ቀድተው ወደ ሌላ ቦታ ላኩት፣ ግሉኮስ ሰጡትና ሆዱ ከያዘለት ይተርፋል አሉ። ካልያዘለትስ ብዬ ከመጠየቅ ጋቢውን መልሼ ጠቀለልኩለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ምን ልጻፍልሽ? ማንኪያ ይዞ መቀመጥ ነው። እሁድ ደወልሽ። ሻምበልስ ብለሽ ጠየቅሽ። እማዬ «ደህና ነው፣ ጠግቦ ተኝቷል» አለች፣ በዚያ በለመድነው ድምፅ። እሱ እግሯ ሥር ተዘርግቶ ነበር፣ እኔም እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ ሰላም ነው አልኩሽ። ምነው ዛሬ አልቀለድክም አልሽኝ፤ ኔትዎርክ ነው አልኩ።

አባዬን ደግሞ ስሚ። «ለውሻ ሐኪም?» ያለው ሰውዬ ከሥራ ቀርቶ ዋለ፣ ወገቤን ብሎ። ከሱቅ ስመለስ ሻምበል አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት። ምን እያደረግክ ነው ስለው ቁንጫ እየፈለግኩ ነው አለኝ። ዓይኑ ግን ተጨፍኖ ነበር።

ሻምበል ሳሉ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ውሃ ላሰ፣ ከዚያ ሾርባ፣ አንድ ጠዋት ተነስቶ እየተንገዳገደ በር ድረስ ሄዶ በአባዬ ጫማ ላይ ሸና። አባዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። የደሙም ውጤት መጣ፣ ትል የሚባል የለበትም። የታመመው ከእኔ ከረባት ነው፣ የደከመው ከእኛ ኮሶ። አሁን ደህና ነው፣ የእውነት ደህና። እትዬ ሰርኬን ሲያይ ብቻ አልጋ ሥር ይገባል፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው «ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» ይሉታል፣ አይወጣላቸውም።

ቁንጫውንም ዶክተሩ እንዳሉን አንድ ቀን ሙሉ ቤቱን ገልብጠን ተገላገልነው። ፍራሹ ፀሐይ ላይ፣ አንሶላው ፈላ ውሃ ውስጥ፣ ወለሉ እስከ ጥግ ተጠረገ፣ ለእሱም በየወሩ ትከሻው መሐል የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተገኘ። ከመስቀል በኋላ አንዲት ቀርታ አባዬ እጅጌ ላይ አየኋት። እሱም አያት። ግራ ቀኙን ቃኝቶ በጥፍሩ ደፈጠጣትና ጥቁር አዝሙድ ናት አለኝ። የሚዘል ጥቁር አዝሙድ አይቼ አላውቅም፣ ግን አዎ አልኩት። ቡልቻም ሌላ ውሻ ይፈልግ።

ጉዲዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ሳልቀልድ ልበልሽ። ያን እሁድ እማዬ ጠግቦ ተኝቷል ስትልሽ አንቺም «እኔም ደህና ነኝ፣ ሥራም ቀሎልኛል» አልሽ። በዚያው ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ቃሉን ትቼ ድምፁን ነው የማዳምጠው። ከዚህ ሆኜ ምንም ላደርግልሽ አልችልም፤ በጋቢ ጠቅልዬ ታክሲ አላሳፍርሽ። ቢሆንም ስታመሚ ታመምኩ በይኝ። በወረቀትም ቢሆን፣ በአልፊያ እጅ። እማዬ ቃል ያስገባችኝ እንዳልናገር ነው እንጂ እንዳልሰማ አይደለም።

አባዬ ሰላም ብሎሻል፣ ወገብሽን በሙቅ ውሃ ያዢው ይላል። እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ይህ ወረቀት የሷ ሰላምታ ብቻ ነው ያለበት፣ እንዲያ ነው የምታውቀው። ናዝራዊት ቸኮሌት ትላለች፣ ሌላ ነገር አላለችም። እትዬ ሰርኬ በርበሬ በአልፊያ ልከውልሻል፣ ብይው፣ ኮሶ የለበትም። ሻምበልም ይህችን ወረቀት ጥጓን ልሷታል፣ እርጥቡ እሱ ነው እንጂ እኔ አላለቀስኩም።

በይ ነጠላሽን አስተካክለሽ ልበሺ። ያን ሁሉ ተቀመጪ፣ ተዘጋጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ አንድ ከረባት ጠብቆ ታስሮ ነበር፣ ተፈታ።

ወንድምሽ ያደሳ ጉተማ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.