አያ ውቤ ለምን መጡ?

ጎንደር፤ ዓርብ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣ ሰው ለምን ተሰብስቦ እንደሚኖር የሚናገረውን መጽሐፍህን ይዣለሁ። «ይህን ሳታነብ ከእኔ ጋር እንዳትከራከር» ብለኸኝ አልነበር? አንተ ሰውን የሚያኖረው ፍርሃት ነው ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍቅር ነው እል ነበር።

አሁን ማስረጃ አለኝ። የዛሪማ ቆላ ወባ ወስዶህ አገራችን ኮሶዬ ስንቀብርህ፣ መቃብርህን የቆፈሩት በመሬት ድንበር ከአባታችን ጋር ሲካሰሱ የኖሩት አያ ውቤ ናቸው። ሰዎች ዶማውን ሊቀበሏቸው ሲሉ «ምነው? የተጣላሁት ከአባቱ እንጂ ከልጁ ነው?» አሉ። እናታችን የጀግና ጠመንጃ በለቅሶ እንደሚነሣ ይህን መጽሐፍ ከፍ አድርጋ ስትጮህ እሳቸውም አብረው አለቀሱ።

የምትለውን ግን አውቀዋለሁ። «ነገ የራሳቸው ልጅ ሲሞት ቀባሪ እንዳያጡ ፈርተው ነው» ብለህ ትስቅብኛለህ።

ትናንት ማታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ኪራይ ክፍላችን ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። እንደ ልማዴ የፊትህን ውሃ በሳፋ ቀዳሁና አንተ ስትታጠብ እንደማደርገው ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በየአንቀጹ «ቁም! እውነት ነው?» እያልክ ታናድደኝ ነበር። ዛሬ የሚያስቆመኝ ስላልነበረ ምዕራፉን በሙሉ ጨረስኩት፤ ምንም አልገባኝም። እንደገና ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ውሃው እንደቀዳሁት ነበር።