ላለመምጣት የሚከፈል ብር

እሁድ፣ ሐምሌ 5/2007፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዝናብ። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። የኢንተርኔት ጨዋታውን ዘንዶ ዛሬም አልገደልነውም። አሥራ ሁለት ሆነን ገባን፣ አሥራ ሁለታችንም ሞትን። የኔ ሥራ ያው ነው፦ ከኋላ ቆሞ የቆሰለውን ማዳን። ማንም አያየኝም፤ ከሥራው እጄን ያነሳሁ ዕለት ግን ሁሉም ይረግፋል። ሦስት ዓመቴ። ት/ቤት ከተዘጋ ወዲህማ ባሰብኝ። አለምነሽ፣ ሚስቴ፣ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ይዘሃል ትለኛለች። አልተሳሳተችም።

የጨዋታው ባለቤቶች መጠይቅ ልከዋል። ሃያ ጥያቄ። ከጨዋታው ምን ትፈልጋለህ? ሁሉም በየወሩ እኩል ቢከፍል ይሻልሃል ወይስ በነጻ ገብቶ ጋሻውንና ፈረሱን የፈለገ ቢገዛ? በየወሩ እኩል አልኩ። ምክንያት ጻፍ ሲለኝ ስለ እድር ጻፍኩ። ባለ ሱቁም ዘበኛውም እኩል ያዋጣል፣ ከዚያ በኋላ ቁም ነገሩ መምጣት ነው ብዬ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። አንዲት ዶላር የምልክበት ካርድ የሌለኝ ሰው ስለ ክፍያ ስራቀቅ ዋልኩ።

ጥያቄ 20፦ ጨዋታውን እንድትተው የሚያደርግህ ምንድን ነው? ባዶ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ገና ሳይጠይቁን ወስነው ኖሯል። የጨዋታው ሱቅ ተከፍቷል። ከፊት ቆሞ ዱላውን የሚቀበልልን ጋሻ ያዣችን የወርቅ ጋሻ ገዛ። እኛ ስድስት ወር የለፋንበትን እሱ በአንድ ደቂቃ። መሪያችን ጭጋግ (ስሙ ይሄው ነው፣ ቱርክ አገር ያለ ይመስለኛል፣ አይቼው አላውቅም) ደስ ብሎታል፤ አሁን እናሸንፋለን ይላል። እኔ አልቀናሁም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። ግን ደብተሬ፣ ያልለፋበትን የያዘ ሰው እሁድ ይመጣል?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

የእድር ኮሚቴ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ መ/ር ነው፣ ጽሑፉ ይነበባል ብለው ከጫኑብኝ አራት ዓመት ሆነኝ። አቶ ምትኩ፣ ከዳንግላ እህል የሚያመጣው ነጋዴ፣ ሐሳብ አቀረበ። ቀብር መምጣት ያልቻለ መቶ ብር ይክፈልና እንደመጣ ይቆጠርለት። እስከዛሬ የቀረ ሰው ሃያ ብር ይቀጣል፣ ስሙም በጉባኤ ይነበባል። ብሩ ሳይሆን መነበቡ ነበር የሚያስፈራው። አሁን ንባቡ ይቀራል። ጊዜው ተለውጧል፣ ሰው ሥራ አለበት አለ።

ሰብሳቢያችን አያ ገረመው ሰባ አልፏቸዋል፤ አናጢ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«ብሩ ይሸከማል?»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ለሙከራ ይሁን ተባለ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ክፍያውን የፈጸመ አባል በቀብሩ ላይ እንደተገኘ ይቆጠራል።» ጥሩ አማርኛ ነው። ደስ ብሎኝ ሁለቴ አነበብኩት።

እሁድ፣ ሐምሌ 12፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ጡሩምባ። እትዬ ጥሩ አረፉ። ከኛ ሦስተኛው ቤት። ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው ግምጃ ቤት ከተማ ተድራ ነው። ዶሮዎቼ ጎመናቸውን ሲጭሩ በአዊኛ ይሰድቡኝ ነበር፤ ስድቡን በቅጡ ተረድቼ ሳልጨርስ፣ ማታውን ድንች ይልካሉ። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።

ቀብር 8 ሰዓት። ዘንዶው 8 ሰዓት።

3 ሰዓት

አሰብኩበት። እድሩ መቶ ሃያ አባል አለው። እዚያ አሥራ ሁለት ነን፣ አዳኙ አንድ እኔ። ሒሳቡ ግልጽ መሰለኝ። መቶ ብር ይዤ አያ ገረመው ቤት ሄድኩ። የት/ቤት ሥራ አለብኝ አልኩ። በሐምሌ! እሳቸውም ሐምሌ መሆኑን ያውቃሉ። ተቀበሉኝ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ዝናቡ ለድንቹ አልበጀም አሉኝ።

የመጀመሪያው ከፋይ ነኝ።

12 ሰዓት

ባለ ወርቅ ጋሻው አልመጣም። ለጭጋግ ጻፈለት፦ እኔ የድርሻዬን ከፍያለሁ፣ እናንተ ቀጥሉ። አራት ደቂቃ ቆይተን ረገፍን። የኢንተርኔቱ መረብ ደህና ነበር፣ መብራት ደህና ነበር፣ የማማርርበት ነገር አጣሁ።

አለምነሽ ከቀብር ተመለሰች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ። ደጅ ላይ እግሯን ስትታጠብ ሰው በዛ ወይ አልኳት። ሴቱ ሞልቷል አለች። ሌላውን እግሯን እያጠበች፦

«ከወንዱ አብዛኛው ከፍሎ ነው የቀረ። አያ ገረመው ተሸከሙ።»

የደብሩን ዳገት በሐምሌ ባጃጅ አይወጣውም። እሳቸውን የሚቀይር ተረኛ ጠፋ። መሐል ላይ አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ፤ ሳጥኑን ግን አልለቀቁም። የእትዬ ጥሩ ልጅ ይህን እያየች።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጭቃ የነካውን ነጠላዋን ዘፈዘፈች። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ሦስት ቀን ዞርኩና ዛሬ አያ ገረመው ቤት ገባሁ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ። ጉልበታቸውን በነጠላ ቅዳጅ አስረው የቀርከሃ አጥር ይጠግናሉ። ተቀምጬ ቀርከሃ አቀበልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። የት/ቤት ሥራ እንዳልነበረኝ፣ ጨዋታውን፣ ዘንዶውን። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። በውስጡ አንተ ምን ትሠራለህ አሉኝ። የቆሰለ አድናለሁ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደህና ሥራ ነው እንደማለት። አሥራ ሁለቱም ይመጣሉ ወይ አሉ። አንዱ ቀረ፣ ከፍሎ፣ አልኩ።

«እንግዲህማ ታውቀዋለህ» አሉና ሌላ ቀርከሃ ጠየቁኝ።

እሁድ፣ ሐምሌ 19

ጠ/ጉባኤ። ተነስቼ የከፋዮቹን ስም አነበብኩ። አይነበብም የሚለውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አነበብኩ። ከኔ ጀመርኩ፣ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ። አንቀጹ ይሰረዝ አልኩ። ምክንያቱን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ፊት ቆሜ ሳልጨርስ ተቀምጬ አላውቅም። አቶ ምትኩ ደንብ ጣስክ ብሎ ተቆጣ፤ ደንቡን በተመለከተ ልክ ነው። እጅ ወጣ። በጥቂት ድምፅ ተሸነፍኩ። አንቀጹ ጸና።

ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩ። ሳልጨምር ሳልቀንስ። ደክሞኛል። ሰው ምቾቱን ተው ስትለው ከዘንዶ ይብሳል። እኔም ያው ሰው ነኝ፣ ስምንት ቀን አልሆነኝም።

የዛሬው ዘመቻ ቀረ፤ ጭጋግ አዲስ ጋሻ ያዥ እየፈለገ ነው።

እሁድ፣ ሐምሌ 26፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል

አዲሱ ጋሻ ያዥ ተገኘ። ጋሻው አሮጌ እንጨት፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። ሳምንቱን ሙሉ ለልምምድ ከሁላችንም ቀድሞ ይገኛል። ወደድኩት። ጭጋግ ዘንዶው ዛሬ ይወድቃል ይላል፣ እኔም ሳላምን አልቀረሁም። ባትሪ ሙሉ። መረብ እንዲህ ፈጥኖልኝ አያውቅም።

መጠይቁ ተመልሶ መጣ፤ ጥያቄ 20 አልተሞላም ይላል። ሞላሁት። ያልመጣ ሰው እንደመጣ ሲቆጠር፣ ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ያነቡት አይመስለኝም።

ጡሩምባ? በዚህ ሰዓት?

አዎ ጡሩምባ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የሟቹ ስም አልተሰማኝም። ቀብሩ 10 ሰዓት የሚል ብቻ ሰማሁ። አለምነሽ ማን ነው ትለኛለች። አላውቅም አልኳት። የአቶ ምትኩም ቤት ሊሆን ይችላል፣ የማንም። መቶ ብር ኪሴ ውስጥ አለ፣ የወሩ መጨረሻ ቢሆንም አለ። አየሁት።

ለጭጋግ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ዛሬ አልመጣም፣ ቀብር አለብኝ፣ አትቁጠሩኝ። አሥራ አንዱ እንደሚረግፉ አውቃለሁ። ባለ እንጨት ጋሻው አሁን ገብቷል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ መልስ ሳልሰጠው ዘጋሁት።

አለምነሽ ቦቲዬን አወጣችልኝ። ሳጥኑን ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ለመያዝ ከአሁኑ መድረስ አለብኝ።