ሦስቴ የተሳበው ገመድ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ናፍቆትህ ሲቀር ደህና ነን። የልብስ ስፌት ሥራዬ ደርቷል፤ የጓዳው በርም እንደ ድሮው ካልገፉት አይዘጋም።

እሁድ ጠዋት ግን ጉድ አየሁ! አባባን ቤት ውስጥ ባጣቸው ፍለጋ ወጣሁ። የት ባገኛቸው ጥሩ ነው? ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ ጀርባ፣ ገደሉ አናት ላይ! ከአንተና ከእሳቸው በቀር ማንም በማያውቀው፣ እጃችሁን በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ እየሸጎጣችሁ ድሮ ትወጡበት በነበረው መንገድ ወጥተዋል። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ! ያንን ስትወጡ ሁለታችሁ ትታሰሩበት የነበረውን አሮጌ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረዋል። ብጣራ፣ ብጮህ፣ ዞር ብለውም አላዩኝ።

የገመዱ ሌላ ጫፍ ታች መሬት ላይ ወድቋል፤ በአንተ ወገብ ልክ ተቋጥሯል። ከላይ ሦስቴ ሳቡት። ጠበቁ። አሁንም ሦስቴ። ከታች ያለው ሦስቴ ስቦ ካልመለሰ በጀርባው የእግር መንገድ መውረድ እንደሌለ ያጫወትከኝ አንተ ነህ። ምን ላድርግ? ጫፉን አንስቼ ሦስቴ ሳብኩ።

"ጎሽ የኔ አንበሳ!" ብለው ተነሡ።

ወርደው አቧራቸውን እያራገፉ፣ "ልጁስ?" አሉኝ።

"ቀድሞን ወደ ቤት ሄደ" አልኳቸው። አንተ ከቤት ርቀህ ከሄድክ አምስት ዓመትህ አይደል?

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ገመዱን አጥብቆ ያዘልኝ" እያሉ ያወራሉ። ይበላሉ፣ ይስቃሉም፤ ስለዚህ አታስብ። ብቻ ስትጽፍላቸው፣ እሁድ ዕለት ገመዱን የያዝከው አንተ እንደሆንክ አድርገህ ጻፍላቸው።

ደህና ሁንልኝ።

ገመድ ሳቢዋ እህትህ