ቀድማ ያልዘራችው

ደርበው፣

…የሚካኤል ዕለት አላርስም ስላሉ አባትህን «ሰነፍ» ብሎ የመዘገባቸው የግብርና ባለሙያ፣ ዛሬ እዚህ ኬንያ፣ ኪሱሙ አጠገብ ትዝ አለኝ። የዛሬው መዝጋቢ እኔ ነኝ።

አኬዮ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የፕሮጀክቱ የበቆሎ ዘር ጓዳዋ ተቀምጧል። በሉዎ ብሔረሰብ ደንብ የባሏ ታላቅ ወንድም ሳይዘራ እሷ አትዘራም፤ እሱ ደግሞ ታሞ ተኝቷል። እስከ ዛሬ ያልዘራ ከፕሮጀክቱ ይሰረዛል።

«ዝናቡ እኮ ደንባችሁን አይጠብቅም፣ የኔ እናት» አላት የፕሮጀክቱ ኃላፊ።

«ቀድሜው ዘርቼ ቢሞትስ? ‹ገደለችው› ሲሉኝ አንተ ቆመህ ትመልስልኛለህ?»

ኃላፊው ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «ፍላጎት የላትም ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ፍላጎት የሌላት ሴት ማሳዋን ሁለቴ ቆፍራ እንደ ዱቄት አለስልሳዋለች።

ዘሩን ከነከረጢቱ አወጣችው። አልተፈታም።

«እሱስ እንግዳ ነው» አለችኝ። «አንተ ግን ስድስት ዓመት ኡጋሊ ገንፏችንን በላህ፣ ወንድሜ።»



የምጽፍልህ ፖስት ካርድ ሞላ። የአባትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ግን አታንብብላቸው። እህትህንም ሰላም በልልኝ።

አኬዮ ከረጢቱን እጄ ላይ አኖረችና ገብታ በሩን ዘጋችው።