ጉዳዩ፦ ሃምሳ አለቃ ደቻሳን ከቆርቆሮ ጥበቃ ስለማንሳት

ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ልዑልቃል
የ«ጣሪያ ለባለውለታ» የክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ቢሮዎ ሰንጋ ተራ፣ ከላዩ አራት ፎቅ የተጫነበት ክፍል ስለሆነ እንደማያፈስብዎ ባውቅም፣ መጠየቅ ወግ ነውና ጠየቅሁ። እኔ ጀማነሽ ወልደአማኑኤል እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት ስሆን፣ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለው የአንጋፋ ወታደሮች መረዳጃ ማኅበር ማክሰኞና ሐሙስ በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ዓይናቸው ለደከመ አባላት ደብዳቤ አነባለሁ፣ ክሊኒክ አደርሳለሁ፣ በዳማ ሲኳረፉም አስታርቃለሁ። ቲሸርት የለኝም።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ስለጠፋባቸው ነው። እንግዲህ ሰኔ 21 ቀን ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቅልጥፍናዎ። አርባ ያህል ባለ ቲሸርት በጎ ፈቃደኞችን፣ አንድ ባነር፣ ሁለት ትልልቅ ድምጽ ማጉያና አንድ ካሜራ አስከትለው ለማስጀመሪያው ፕሮግራም ወደ ማኅበራችን አባል ወደ ሃምሳ አለቃ ደቻሳ ግቢ በመጡበት በዚያ ቅዳሜ፣ የአዛውንቱ አንድ ክፍል ቤት አሮጌ ጣሪያ ንግግርዎ ሳያልቅ ወርዶ አለቀ። አዲሱም ቆርቆሮ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ፎቶ ተነሣ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም፤ ቅር ያለኝ ፍጥነቱ ለማውረድ ብቻ መሆኑ ነው።

2ኛ. ስለ ትእዛዝዎ። መኪናዎ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞር ብለው፣ ለምረቃው ፕሮግራም እስክንመለስ ድረስ ይህን ቆርቆሮ ማንም እንዳይነካው ብለው ነበር። እርስዎ ለስንብት ያህል የተናገሩት ይሆናል። የተናገሩት ግን ሃያ ሦስት ዓመት በውትድርና ለኖሩ፣ ትእዛዝን ሰጪው ራሱ ካላነሣው በቀር እንደማይነሣ ለሚያምኑ ሰው ነው። እሳቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጡዎት እርስዎ ፈገግ ብለው ፎቶ ተነሡ እንጂ ዘብ ማቆምዎን ልብ ያሉት አይመስለኝም። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃምሳ አለቃ አልጋቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ በረንዳ ላይ ዱካ ጎትተው፣ ቆርቆሮውን ይጠብቃሉ። ጎረቤታቸው አናጢው ኢያቄም መሰላልና ሚስማር ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ በትሕትና መለሱት። እኔም ለምኜ ተመልሻለሁ። ደስ እንዲልዎ ያህል፣ ከቆርቆሮው አንድም አልጎደለም።

3ኛ. ስለ መስተንግዶዎ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ መስክ፣ አንዴ ሌላ ቦታ ሌላ ጣሪያ ለማስጀመር ወጥተው ነበር። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሰገን፣ እግዜር ይስጣት፣ ወንበር ሰጥታ ሪፖርቱን አሳየችኝ፤ የሃምሳ አለቃ ቤት መቶ በመቶ ተጠናቋል ይላል። ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሲሰጡ የተነሡት ፎቶም የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሥሩ ጣሪያ የተሠራላቸው አባት ምስጋና ሲያቀርቡ ተብሎ ተጽፎበታል። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ዝናብ ሳስተምር፣ ዝናብ ሪፖርት አንብቦ ያቆማል የሚል መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ተናድጃለሁ። ሰውየው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሳል ጀመራቸው፤ ዛሬ ስሄድ ፍራሻቸው በዝናብ ርሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሳቸው ግን እርስዎን አንዲት ቃል አላሙም፤ አለቃው ሥራ በዝቶባቸው ነው እያሉ ያጽናኑኛል። ከሳላቸው ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ይምጡልን አልልም። ባነርም ካሜራም አንፈልግም። የምለምንዎ አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፦ ሃምሳ አለቃ ደቻሳ ጥበቃዎን አጠናቀዋልና ቆርቆሮው ይመታ የሚል። ድካምዎን ለመቀነስ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የቀረው ፊርማዎና ማኅተምዎ ብቻ ነው።

የሚያስጀምሩት ሁሉ ያማረ፣ የሚነሡት ፎቶ ሁሉ የጠራ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በሄዱበት ሁሉ ከራስዎ በላይ ጣሪያ አይታጣ እላለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር
ጀማነሽ ወልደአማኑኤል
ያለ ቲሸርት በጎ ፈቃደኛ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ትናንት ፈርሜ ሳልልከው፣ ለሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው የነበሩት የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሻምበል መብራህቱ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ወጡና ነገሩን ሰሙ። እሳቸው እንደሚሉት በእነሱ ጦር ወግ አዛዥ ግዳጁን ጥሎ ሃያ ቀን ድምጹ ከጠፋ፣ በማዕረግ የሚቀጥለው ይተካል። ስለዚህ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው ሄደው፣ ትእዛዝዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻሩት። ኢያቄም እስከ ምሳ ሰዓት ቆርቆሮውን መትቶ ጨረሰ፤ ወረቀቱን መፈረም አይጠበቅብዎትም። ሻምበል ስምዎን በማኅበሩ መዝገብ ከግዳጅ የጠፉ በሚለው ዓምድ ሲያሰፍሩ፣ ምናልባት ይመለሱ ይሆናልና በእርሳስ ይሁንላቸው ብለው የለመኑልዎ ሃምሳ አለቃ ደቻሳ ናቸው።