ከመወለዴ ሦስት ዓመት በፊት ስለማግባቴ

ለ«ሽበት ክብር ነው» የአረጋውያን ድጋፍ ድርጅት
ለክቡር ሙዲር (ሥራ አስኪያጅ)
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የወገብ ሕመም፣ የዐይን መድከምና ከመቀመጫ ሲነሱ «እህህ» ማለት ደጅዎን እንዳይረግጡ ዘወትር እጸልያለሁ፤ ከረገጡ የሚረዳዎት ቢሮ የእርስዎው ብቻ ነውና።

ስሜ ካላዩ ኣስፋሃ ይባላል። ሁመራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ከጽገወይኒ ጋር ድንበር ተሻግሬ ወደዚህ መጠለያ የገባሁ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎትም ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ወጣትነቴን ስለመለሱልኝ። ድንበር ላይ ስንመዘገብ የትውልድ ዘመኔን ራሴ በፈረንጅ አስልቼ 1953 አልኩ። መዝጋቢው ግን በሀገሬ አቆጣጠር የተናገርኩ መስሎት ስምንት ዓመት ጨመረበት። መጠለያው በር ላይ የነበረው በተራው ስምንት ጨመረ፤ የእርስዎ ቢሮም ከማን አንሶ ስምንቱን ደገመልኝ። እነሆ ከሰባ ሁለት ዓመቴ ላይ ሃያ አራቱን በሦስት ማኅተም አራግፌ አርባ ስምንት ገብቻለሁ። የበኩር ልጄ ሃፍቱ አሁን በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ስልክ ሲደውል አንቱ ልበለው አልበለው እያመነታሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዳሬ። የተጋባነው በፈረንጅ በ1974 በመሆኑ፣ ኮምፒውተራችሁ ሰው ከመወለዱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሊያገባ እንደማይችል በብልህነት ተገንዝቦ «ያላገባ» ብሎ መዝግቦኛል። አንድ ረሃብና ሁለት ጦርነት ያልፈቱትን ትዳር ጸሐፊዎ በአንድ ጣት ፈታው።

ሦስተኛ፣ ጽገወይኒ የተወለደችበትን ዘመን አላውቅም ስላለች ፊቷን አይታችሁ ሰባ ብላችሁ ጻፋችሁላት፤ አለማወቅ እንዲህ ይጠቅማል። በአረጋውያን ሰፈር መወጣጫ ደረጃ የሌለው ቤት ተሰጣት። ወጣት እዚያ ማደር ስለማይፈቀድለት ግን እኔ ከላጤዎቹ ድንኳን ተመደብኩ፤ ወደ ባሱንዳ እርሻ ከሚላኩት የሰሊጥ አጫጆች ጋርም ስሜ ተለጥፏል። ዘበኛው እስማኤል በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «ያ ሻብ» እያለ፣ ጎረምሳው ማለቱ ነው፣ በሳቅ ከደጇ ያስወጣኛል።

አራተኛ፣ ባለፈው ወር ራኩባው (የሣር ዳሱ) ሥር «የአረጋውያንን ተለዋዋጭ ፍላጎት መረዳትና ማሟላት» የሚል ጨርቅ ሰቅላችሁ ዐውደ ጥናት አካሂዳችኋል። ፍላጎታችን በእርግጥ ይለወጣል። አምና ጽገወይኒ የፈለገችው ብርድ ልብስ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱም ዐይኖቿ ሞራ ስለለበሱ የምትፈልገው ወደ ሽንት ቤት የሚመራት እጅ ነው። የእኔም ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለኝን ጠጋ ብላ የምትደግምልኝ እሷ ናት። ባለፈው ማክሰኞ እኔ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብቻዋን ወጥታ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ስሜን ስትጠራ እንደነበር የነገረኝ እስማኤል ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴም ፍርሃቴ ይበልጣል።

አቤት ብል «ስልሳ ሲሞላዎት ይመለሱ» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ ሽማግሌ ነገ ተመለስ ብዬ ሰድጃለሁ፤ የእኔ ግን ነገ ነበር እንጂ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አልነበረም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ቀና ለማለትም ጊዜ ስለሚፈጅብኝ እዚያው እንዳለሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወጣት ካላዩ ኣስፋሃ (ያላገባ)

ማሳሰቢያ፦ ላጤነቴ በማኅተም ስለጸና፣ በመጪው እሑድ እንደ ወጋችን ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቢሮዎ እልካለሁ፤ ጽገወይኒን ለጋብቻ ይጠይቁልኛል። ሁለቱ በእርስዎ መዝገብ አርባ ያልሞላቸው ናቸውና በልጅነታቸው ንቀው እንዳይመልሷቸው። ሙሽሪትን ራሴ ጠይቄያታለሁ። እሺ ብላለች፤ ብቻ ፊትህ ጨርሶ ሳይጠፋኝ ይሁን ብላለች።