ቢልጃክን ረግረግ ውስጥ ስላሰፈረው ካርታና በግርጌው ስለታተመው ስሜ

ለክቡር አቶ ጸጋአብ
የ«ካርታ ለሁሉም» ፕሮጀክት አስተባባሪ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

እኔ ባልሠራሁት ካርታ ግርጌ «አዘጋጅ፦ ኦቻን ኒካው» ብለው ስሜን አትመዋል፤ ካርታውም ውሸታም ነው። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነት፣ በዚህ ሙቀት ያለ ዕረፍት ለሚሠራው የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ ዓይኔ ግን አሁንም ካርታ ያነባል።

ደብዳቤውን ገበያው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ ቆም ብለው እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነኝ። ካርታ መሥራት የተማርኩት አንድ የውሃ ጥናት መሐንዲስ ትቶት ከሄደ ወፍራም መጽሐፍ ሲሆን፣ የምሠራበትም ሶፍትዌር የሚነካ ሥዕል የለውም፤ ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እርሱም ይስላል። ትእዛዞቹ ነጠላ ፊደላት ናቸው፦ ለካርታው ወሰን አንድ ፊደል፣ ለክፈፉ አንድ ፊደል። የተሳሳተውን ሰው ይገስጸዋል፣ ሥራውንም ያቆማል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ዘመናችንን በሙሉ ተስማምተን ኖረናል።

ክቡርነትዎ ግን ይህን ሶፍትዌር ወጣቶች ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሙሉ ቃላት እንዲያዙት የሚያስችል በይነገጽ እንዲሠራ ወሰኑ፤ ሥራውን ለባለሙያዋ ለወይዘሪት ሩሐማ ሰጡ፤ እኔንም በአማካሪነት ጠርተው አጠገቧ አስቀመጡኝ። የተበደልኩበት ነገር የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. ከኢታንግ በታች ያለችው ቢልጃክ ሁለት ቦታ ናት። በበጋ ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ወደ ደረቁ ከፍታ ይወጣል። ስሙ አንድ፣ ሰዉም አንድ፣ ቦታው ግን ሁለት ነው። እዚህ ዓመት የከረመ ሾፌር እንኳ ከመነሣቱ በፊት «የበጋው ነው የክረምቱ?» ብሎ ይጠይቃል። ሩሐማም በይነገጹን እንደ ሾፌሩ ሠራችው፦ ወቅቱ ካልተነገረው አይስልም፤ ቆሞ በቀይ ጽሑፍ «ወቅቱን አልነገርከኝም» ይላል። ከዚያ የምረቃው ቀን መጣ። በሆቴሉ አዳራሽ ክቡርነትዎ በእንግዶች ፊት ራስዎ ቁልፎቹን ነኩ፣ ወቅቱን መንገር ረሱ፣ የግድግዳው ስክሪንም በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። በማግስቱ «ፕሮግራም እንግዳ ላይ አይቆጣም» የሚል ትእዛዝዎ ደረሰን። ሩሐማ ይህ አይሆንም ብላ ብትከራከር «አንቺ የቴክኒክ ሰው ነሽ፣ ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ተባለች። ከዚያ ወዲህ በይነገጹ ምንም አይጠይቅም። አንድ ስም ሁለት ቦታ ካገኘ የሁለቱን መካከል ይወስዳል። የቢልጃክ መካከል ጉማሬ እንኳ ተጠንቅቆ የሚገባበት ረግረግ ነው። በጋንና ክረምትን አስታርቀው አንድ ቦታ ላይ ስላስቀመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከእርስዎ በፊት ይህን የሞከረ የለም።

፪. ወደ ወረዳው ገና የተዛወረችው የጤና ባለሙያ ኛሩአች፣ በግንቦት መግቢያ የክትባት ሣጥኗን ይዛ በጀልባ ስትወርድ በእጇ የነበረው ይኸው የታረቀ ካርታ ነው። በእውነተኛዋ ቢልጃክ በኩል አልፋ ሄደች። ልጆቹ ከወንዙ ዳር እጃቸውን ሲያወዛውዙላት እርሷም አወዛወዘችላቸው፤ ካርታው መንደሩ ከፊት ነው ስለሚላት። ከዚያ በጎን ባለው ቦይ ገብተው፣ ጀልባው ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ሲላቀቅ መሽቷል፣ በረዶው ቀልጧል፣ ክትባቱም ተበላሽቷል። ከተመለሰች በኋላ እኔ ወንዙ ዳር ሻይ በምጠጣበት ቦታ መጥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ ኦቻን፣ ክትባቱን ያሰቡት ለዓሣ ነው እንዴ?» አለችኝ። ባለ ጀልባውም «ተያቸው እንጂ፣ መንደሩን ሠርተው ጨርሰዋል፤ ሰው ማስገባት ብቻ ነው የቀራቸው» ብሎ ጨመረበት። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። ካርታው የእኔ አይደለም ብዬ ብምል ወረቀቱን ዘርግታ ግርጌው ላይ ስሜን አሳየችኝ። ስሜ በጥሩ ፊደል ተጽፏል፤ ለኅትመቱ ጥራት ፕሮጀክቱን ሳላመሰግን አላልፍም።

፫. ስሜ ከዚያ እንዴት እንደደረሰ ሩሐማ ሳታድበሰብስ ነግራኛለች። በይነገጹን ስትጀምር የእኔን አሮጌ ትእዛዝ ለናሙና ወስዳ ነበር፤ የአዘጋጁን ስም የሚጽፈውም መስመር አብሮ ገባ፤ ስለዚህ ሠሪው ስሙን ካልሰጠ ፕሮግራሙ የእኔን ያትማል። ይቅርታ ጠይቃኛለች፣ ተቀብያለሁ። ልታወጣው ብትነሣ ግን የማጠቃለያ ሪፖርቱ እስኪቀርብ አንድም ነገር አይነካም ተባለች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከወንበሬ ሳልነሣ ይህን ያህል ሥራ ስለሰጡኝ እንዴት ልካስዎ? ጎግን በእግሬ ከረገጥኳት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ባለፈው ሳምንት ግን የእርሻዋን ካርታ ሠርቻለሁ አሉ። የጀዊንም የውሃ ቦኖዎች እንዲሁ። አንዱ ቦኖ መንገዱ መሃል ላይ ነው፤ እኔ እንዴት እንዳስቀመጥኩት እየጠየቁኝ ነው።

፬. ማቀዝቀዣዎ ሲሠራ ከቢሮው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ራስ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስለቆምኩበት እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።

ሐቀኛ ሰው ስለሆንኩ ፓይተኑን በጅምላ አልኮንንም። በነጠላ ፊደል ፈንታ ሙሉ ቃል መጻፉ መልካም ነው። እኔ ራሴ ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል በትንሹ ቀይሬ የባሮ ወንዝን ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ አድርጌው አውቃለሁ፤ በሩሐማ ቃላት ቢሆን ይህ አይደርስብኝም ነበር። ይህን ለእርሷም ነግሬያታለሁ፣ ሁለት ጊዜ ግን አልነግራትም። የማልቀበለው መገመትን ጨዋነት ማለትዎን ነው። መንገድ የጠየቀውን ሰው ላለማስቀየም ሲል በማያውቀው አቅጣጫ የሚጠቁም ሰው ጨዋ አይባልም። አንድ በይነገጽ ቃሉ ለስላሳ፣ ሕጉ ግን ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው መቸገሩ ካልቀረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቸገር፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አይደለም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። ወቅቱ ሳይነገረው ፕሮግራሙ አይሳል። የአዘጋጁ ስም ሳይሰጠው አያትም። ቀዩ ጽሑፍ ይመለስ። ሩሐማ ያወጣችውን መልሳ ማስገባት ብቻ ስለሆነ ከግማሽ ቀን አይበልጥም ትላለች። የሚቀጥለው የክትባት ጉዞ በሰኔ ነው፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ የእርስዎ መካከለኛ ቦታ ደግሞ ሐይቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለሪፖርቱ አይመችም ከተባለ ቀላል አማራጭ አለኝ፦ ማንም ስሙን ባልሰጠ ጊዜ የሚታተመው የእኔ ሳይሆን የክቡርነትዎ ስም ይሁን። አንድ መስመር ነው። ያ በተደረገ ቀን ቀዩ ጽሑፍ ከምሳ ሰዓት በፊት እንደሚመለስ ጽኑ እምነቴ ነው።

በሪፖርትዎ መቃናት የሚደሰት፣ በደጅዎ ለብዙ ጊዜ የቆመ፣ ባልዋለበት የሚመሰገን፣ ባልሠራውም የሚጠየቅ፣ የምሥጋናና የአክብሮት ባለዕዳዎ፣

ኦቻን ኒካው
(ይህን ራሴ ጽፌዋለሁ)

ማስታወሻ፦ የሰኔውን ካርታ በአሮጌው ትእዛዝ ሠርቼ ለኛሩአች ሰጥቻታለሁ። ወዲያው አልተቀበለችኝም፤ መጀመሪያ «የበጋው ነው የክረምቱ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ የክረምቱ ነው አልኳት፣ ከባለ ጀልባው ጋር አይተው ካጣሩ በኋላ አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። የቢልጃክ ልጆች እንግዲህ ሪፖርትዎን መጠበቅ የለባቸውም። ለክቡርነትዎ የቀረው ስሜን ከካርታው ማንሣት ብቻ ነው፤ ማድረግ አለማድረግዎን በሚቀጥለው ካርታ ግርጌ አያለሁ። እኔ ግን ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አይወጣኝም። አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ብንቀመጥ ስለ ሙቀቱ ያጫውቱኝ፣ እመልስልዎታለሁ፤ ስለ ካርታ ካነሡ ግን እወርዳለሁ።